ባለ 6 ሊትር ፕሬዠር ኩከር፦ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ ሽንብራና የአጥንት ቅቅል ምድጃ ላይ ለሰዓታት የሚቆዩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። አምና ከመርካቶ የገዛሁት የአሉሚኒየም ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አምቆ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው፣ ተዘፍዝፎ ያደረ ሽንብራ በተራ ድስት ሁለት ሰዓት ያህል ይወስድብኝ የነበረው አሁን በ25 ደቂቃ ይበስልልኛል።

ቁጠባው ግን በአጠቃቀም ይወሰናል። ክዳኑ ላይ የምትቀመጠው ክብደት ማፏጨት እንደጀመረች ምድጃውን ወደ ዝቅተኛው መጠን ማውረድ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው ያለማቋረጥ ስታፏጭ መተው የተከፈለበትን መብራት ከእንፋሎቱ ጋር ማባከን ነው። እኔ የኤሌክትሪክ ምድጃው ሳህን ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ አምስት ደቂቃ አስቀድሜ አጠፋዋለሁ። ጥራጥሬ ሲቀቀል አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ሊደፍን ስለሚችል ከግማሽ በላይ መሙላት አይገባም።

ለዶሮ ወጥ አልመክረውም፤ ቁሌቱ በክፍት ድስት እየተማሰለ መብሰል አለበት።

ዋናው ቅሬታዬ የክዳኑ ላስቲክ ነው። በስምንተኛው ወር ላልቶ በጠርዙ እንፋሎት ማሳለፍ ጀመረ፤ የሸጠልኝም ሱቅ መለዋወጫ እንደሌለው ነገረኝና ልኩን ለማግኘት ሁለት ቅዳሜ ስዞር ከረምኩ። አሁን የሚገዛ ሰው ትርፍ ላስቲክ ካልተጨመረለት ዋጋውን ባይቀበል ይሻለዋል።