ለጎልድፊሽ ቀለም፦ ዛላ በርበሬ፣ ስፒሩሊና ወይስ የጣሳ ምግብ?

"ጎልድፊሼ ገረጣብኝ፣ ምን ላብላው?" የሚሉኝ ጓደኞቼ ስለበዙ እዚሁ ልጻፈው። የኔ ምርጫ ዛላ በርበሬ ነው።

ቀዩና ብርቱካናማው ቀለም የሚመጣው ካሮቲኖይድ ከሚባል ነገር ነው። ዓሣ ራሱ አይሠራውም፣ ከሚበላው ነው የሚያገኘው። እንግዲህ ዋናው ነገር እሱን በስንት ብር ትገዙታላችሁ ነው።

ከውጭ የሚመጣው "ቀለም አድማቂ" የጣሳ ምግብ፣ ደህናው ደህና ነው። ዋጋውን ግን ለግራም አካፍሉት፣ ያኔ ያስደነግጣችኋል። የባሰው በላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጠው ነው። እኔ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት አኳሪየሙን አቀላው፣ ዓሣው እንደገረጣ ቀረ። ካሮቲኖይድ በስብ እንጂ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉ፤ ውሃው ቀይ ከሆነ የተነከረ ነው፣ ተዉት።

ስፒሩሊና የሚባለው ዋቅላሚ (አልጌ) ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅና በጪቱ ሐይቅ በተፈጥሮው ይበቅላል። ውስጡ ያለውን ዚያዛንቲን የሚባል ካሮቲኖይድ ጎልድፊሽ ወደ ቀይ ቀለም ይለውጠዋል፣ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ግን ዱቄቱ የሚሸጠው ለሰው ስለሆነ ኪስ ይጎዳል። ከገዛችሁም ውሃ ውስጥ ቆይቶ ሰማያዊ መልቀቁን እዩ፤ ይሄ የራሱ ቀለም እንጂ ማቅለሚያ አይደለም።

ካሮት ርካሽ ነው፣ ግን ቤታ ካሮቲኑን ጎልድፊሽ ለቀለሙ ብዙም አይጠቀምበትም።

የበርበሬም ቅላት ካሮቲኖይድ ነው፣ ግን የተፈጨ አትግዙ! ሸክላ ተፈጭቶ የሚቀላቀልበት አለ፣ የተዘጋጀው ደግሞ ጨውና ቅመም አለበት። ብዙ የማያቃጥል፣ ጠቆር ያለ ቀይ ዛላ ምረጡ፣ ፍሬውን አራግፉና አልማችሁ ፍጩት። ለ100 ግራም ተራ ምግብ 2 ግራም በቂ ነው፣ በጥቂት ጠብታ ዘይት ለውሱት። አስሉት እስቲ፦ 100 ግራም ዱቄት 5 ኪሎ ምግብ ያቀላል። ብርሃንና አየር ቀለሙን ስለሚያጠፉት ግን ትንሽ ትንሽ እየፈጫችሁ በጨለማ ቦታ ከድናችሁ አስቀምጡ። ለውጡን ለማየት ሳምንታት ጠብቁ።

ሰማያዊ ዓሣ ላላችሁ ይሄ ሁሉ አይሠራም፣ የሱ ቀለም በአብዛኛው ከብርሃን ነጸብራቅ ስለሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ። ቀይና ነጭ የሆነውን ጎልድፊሽ የምታረቡ ደግሞ መጠኑን ቀንሱ፣ ሲበዛ ነጩ ቢጫ ሊል ይችላል።