ደሴ ፍርድ ቤት ጉዳይ ላላችሁ፦ ይግባኝ መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ ጠይቁ

ይህን እንድጽፍ የወተወተችኝ እማዬ ናት። «የዚያችን ልጅ ነገር ለሰው ሳትነግሪ እንዳትቀሪ» ብላ ይዛኛለች። እኔም ካሰብኩት ቆይቻለሁ።

ልጅቷ ደሴ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ስሜን እንዳትጽፊ ብላ ስለለመነችኝ አልጽፍም። ይግባኝ የሚቀበሉበት መስኮት ላይ ናት። «የጠፋ መዝገብ ጉዳይ ነው» በሉ፣ ወደ እሷ ይመሯችኋል።

እማዬና ታላቅ ወንድሟ በአያቴ ቤት ምክንያት ተካሰው ነበር። ወረዳ ላይ በ2013 ተወሰነ። እማዬ ቅር ብሏት ይግባኝ ጠየቀች። ደሴ መዝገብ ተከፈተና «የሥር መዝገብ ይቅረብ» ተባለ። የሥር መዝገብ ማለት ወረዳ ላይ የነበረው ፋይል ነው። ክሱ፣ መልሱ፣ የምስክሮች ቃል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። እሱ ካልመጣ ይግባኝ ሰሚው ዳኛ ምን አይቶ ይፈርዳል?

ከዚያ ጥቅምት 2014 ጦርነቱ መጣ። ያን ጊዜ ወሎ ለነበረ ሰው ምንም መንገር አያስፈልግም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ወደ ቤታችን ስንመለስ የወረዳው መዝገብ ቤት መደርደሪያ ተገልብጦ አገኘነው። ወረቀቱ ግቢው ውስጥ ተበትኗል። ግማሹ ተቃጥሏል። የእማዬ ፋይል የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀጠሮ ብቻ ነው። «የሥር መዝገብ ስላልቀረበ» ይባልና ሌላ ቀን ይሰጣታል። እማዬ ጉልበቷን ታማለች። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ሌሊት ተነስታ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ደሴ ትመጣለች። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልካታል፣ ያኛው መልሶ ይልካታል። ከዓመት በላይ እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ማታ «እንግዲህ ለአላህ ሰጥቻለሁ» ብላ ወረቀቶቿን አልጋ ሥር ስትከት አየኋት። እኔ ያን ቀን ነው አብሬያት ለመሄድ የወሰንኩት።

በማግስቱ እዚያ መስኮት ላይ ልጅቷን አገኘናት። መጀመሪያ ያደረገችው ወንበር ማውጣት ነው። «እማማ ይቀመጡ» አለች። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጠየቀች። ሳታቋርጥ ሰማች። ከዚያ የተናገረችውን መቼም አልረሳውም፦ «መዝገቡ የጠፋው ከወረዳው ነው እንጂ ከሰው ሁሉ እጅ አልጠፋም። የእርስዎ ክስ ወንድምዎ ቤት አለ። የእሳቸው መልስ ደግሞ እርስዎ ቤት አለ።»

እኔ ተምሬያለሁ የምለው ይህን አላሰብኩትም። እውነት ነው። ሰው ሲከስ ለተከሳሽ የሚደርስ ግልባጭ አብሮ ያስገባል። ተከሳሹም መልሱን ሲያቀርብ ለከሳሽ ግልባጭ ይሰጣል። ሥርዓቱ የቆየ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ራሱ የ1958 ነው። ስለዚህ የአንዱ መዝገብ ግማሽ ሁልጊዜ ባላጋራው ቤት ተቀምጧል። የምስክሮቹ ቃል ደግሞ ባጭሩም ቢሆን በውሳኔው ላይ ተጠቅሷል፣ የውሳኔው ግልባጭም ከይግባኙ ጋር ተያይዟል።

ችግሩ እማዬና አጎቴ ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ሄድን። ቡና ተፈላ። አቦሉ እስኪጠጣ ማንም ስለ ጉዳዩ አልተነፈሰም። ሽማግሌዎቹ ሲያነሱት አጎቴ ዝም ብሎ ተነሳ። ከጓዳ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። «ስንሸሽ በሬዬን ትቼ ይህን ነው በብብቴ ይዤ የወጣሁት» አለ። «ክርክሩ ክርክር ነው። ወረቀቱን ግን ውሰጂ።» እማዬ አለቀሰች። እሱም ፊቱን አዞረ።

ከዚያ በኋላ ያለው የልጅቷ ሥራ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ጠራቻቸው። ገጽ በገጽ አሳየቻቸው፣ ይህ ያ የድሮው ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ቃለ መሐላ ፈረሙ። እያንዳንዱን ቅጠል ስካን አደረገች፣ ቁጥር ሰጠችና ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ለእማዬ አሳየቻት። እማዬ ስክሪኑን ስታይ ቆይታ «ይኼስ ቢቃጠል?» አለቻት። ልጅቷ አልሳቀችም። «ሌላ ቦታም አስቀምጠነዋል እማማ» አለቻት።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። ፍርድ ቤት ዘመነ የሚባለው ኮምፒውተር ስለገባ አይደለም። ስካን የተደረገው ፋይል እዚያው ክፍል ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከተቀመጠ እሳቱ ወረቀቱንም ፋይሉንም አብሮ ይበላዋል። እኛ ይህን በወሎ በዓይናችን አይተናል። ከሕንፃው ውጭ፣ ቢቻል ከከተማው ውጭ ቅጂ መኖር አለበት። ይህን የሚወስኑ ሰዎች ካነበቡኝ እባካችሁ ለእያንዳንዱ ወረዳ አድርጉት።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። መስኮቷ ላይ በእጇ የጻፈችው አንድ ገጽ ወረቀት ተለጥፏል። ትእዛዝ ምን ማለት ነው፣ ብይን ምን ማለት ነው፣ ውሳኔ ምን ማለት ነው፣ ለይግባኝ ምን ይዘው ይመጣሉ። በተራ አማርኛ ነው የተጻፈው። ብይን ክርክሩ ገና ሳያልቅ በመሀል በተነሳ ነገር ላይ የሚሰጥ እንደሆነ እማዬ እዚያ ነው የገባት። እስከዚያ ቀን ድረስ ብይን በተሰጠ ቁጥር ተፈረደብኝ ብላ ስትደነግጥ ኖራለች። ለዚህ ወረቀት ምንም ቴክኖሎጂ አላስፈለገም።

ጎረቤታችንም ጉዳይ ነበራት፣ የእሷ ባህር ዳር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በፕላዝማ፣ ማለትም በስክሪን እየተያዩ፣ ደሴ ሆና ተከራከረች። በወልዲያ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ባህር ዳር መግባት ምን ያህል ገንዘብና ድካም እንደሆነ የሄደ ያውቃል፣ የመንገዱን ስጋት ሳንቆጥር። አዲስ አበባ ያሉት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ክስ በኢንተርኔት መቀበል ጀምረዋል። ለእኛም ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ ግን መስኮቱ ላይ ሰው አይጥፋ። ኢንተርኔት ወራት ሙሉ ሲዘጋብን የሠራልን መስኮቱ ነው።

የይግባኙ ውሳኔ ቤቱን ለሁለቱም አካፈለ። እማዬ የጠየቀችው ሁሉ አልተሰጣትም። ግን ተሰምታለች፣ ያ ይበቃታል።

ጉዳይ ያላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ያላችሁን ወረቀት ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ማህተሙና የመዝገብ ቁጥሩ በደንብ ይታይ። ፎቶውን ሩቅ ላለ ዘመድ ላኩ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማትችሉ ከሆነ አቅም እንደሌላችሁ አስረድታችሁ በደሀ ደንብ፣ ማለትም ክፍያውን ሳትከፍሉ፣ መክሰስ ይቻላል፣ ሕጉ ይፈቅዳል። መስኮቷ ላይ ሰው ከበዛ ጠብቁ፣ ማንንም ሳትሰማ አትመልስም።

እማዬ ቡናና ማር ቋጥራ ልካላት ነበር። ልጅቷ ሁለቱንም መለሰች፣ «ደመወዝ አለኝ እማማ» ብላ። እማዬ በማግስቱ ራሷ ሄዳ መስኮቷ ላይ ቆማ ዱዓ አደረገችላት። እሱን አልመለሰችም። ቆማ «አሚን» አለች።