ጋሽ ሰይፉ ይመስገኑልኝ፤ የአባባን ጎራዴ ላነበቡልን ሰው

ይህን የምጽፈው በተለይ ቤታቸው ውስጥ የጃፓን ጎራዴ ለተቀመጠባቸው የኮሪያ ዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምናችሁ፦ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ዝገቱን አትንኩት። እኛ ቤት ተነክቶ ምን እንዳስከተለ እነግራችኋለሁ።

አያቴ፣ አባባ የምንላቸው፣ ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው በሰላም ተመልሰዋል። ይዘው ከመጡት ዕቃ መካከል ከአንድ አሜሪካዊ ወታደር በእጅ ሰዓታቸው የለወጡት ጎራዴ ነበረበት። አሜሪካዊው የሳሙራይ ነው፣ 400 ዓመት ሆኖታል አላቸው። እሳቸው ለልጆቻቸው ነገሩ፣ ልጆቻቸው ለሰፈር ነገሩ፣ ጎራዴው በሰርግም በልቅሶም የሚነሳ ወሬ ሆኖ ኖረ። በደርግ ዘመን የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ እማማ የሣር ፍራሻቸውን ቀደው ጎራዴውን ከውስጥ ሰፉበትና ተኙበት። እንግዲህ ይህን ያህል የተለፋለት ብረት ነው።

አምና ቀበና ያለው የአክስቴ ቤት ሲታደስ ጎራዴው ከቁም ሣጥን ጀርባ ወጣ። አጎቴ እጀታውን አወለቀ። እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረት ጭራ በዝገት ጠቁሮ ሲያየው ጊዜ የወጥ ቤት ሽቦ አንስቶ ይፈገፍገው ጀመር። «እየው እንዴት እንደሚያበራ!» ብሎ ፎቶውን ሲልክልኝ እኔም ሜሪላንድ ተቀምጬ አሞገስኩት። ምን አውቄ?

ፎቶውን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ጋ ነበር። ጭራው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ምን እንደሚል ብጠይቀው «ጌጥ ነው» አለኝ። ከዚያ አጽድቶና ወልውሎ ሊገዛኝ ዋጋ ጠራ። ዋጋው መጥፎ አልነበረም፤ ግን ማንበብ የማይችለውን ነገር ለመግዛት እንዲህ የሚቸኩል ሰው አላማረኝም። ኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው ዛሬ ከማመሰግናቸው ሰው ጋር ያገናኘኝ።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጽፍም። እናቴ ግን የፈረንጅ ስማቸው አልያዝላት ብሎ በመጀመሪያው ሳምንት «ጋሽ ሰይፉ» ብላ አወጣችላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው በጣም ሳቁ፤ አሁን ኢሜይላቸውን ሲጨርሱ በእኛው ፊደል «ሰይፉ» ብለው ይፈርማሉ። «ፉ»ን ብቻ አንዳንዴ «ፋ» ያደርጓታል። በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ ጡረተኛ አሜሪካዊ ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ የለፉት በአንድ ነገር ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1868 ወዲህ የነበሩ የጃፓን ሰይፍ ሠሪዎችን ስምና ፊርማ እየሰበሰቡ በማጣቀሻ መጽሐፍ ያሳትማሉ። ጎን ለጎን እንደ እኔ ያለውን ሰው ጎራዴ ያነባሉ።

የመጀመሪያ መልሳቸው ሦስት መስመር ነበር፦ ሽቦውን ከሰውዬው እጅ ተቀበሉት፣ ሎሚም ዘይትም አሲድም እንዳይነካው፣ ከዚያ ፎቶ ላኩ። የጭራው ዝገት ቀለም የጎራዴው ዕድሜ የሚታወቅበት ነው፤ ስለታም ክፍሉ ይወለወላል እንጂ ጭራው ፈጽሞ አይጸዳም። የሠሪው ስም የሚቀረጸውም እዚያው ላይ፣ በትንሽ መሮ፣ ብዙም ሳይጠልቅ ነው። አጎቴ በሩብ ሰዓት ውስጥ የአንዱን ፊደል ግማሽ አጥቦታል።

ፎቶ አነሳሱን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፣ ለእናንተም ይጠቅማል። እጀታው ላይ ያለችውን የቀርከሃ ችንካር ቀስ ብሎ መግፋት፤ ጭራውን ጠቆር ባለ ጨርቅ ላይ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፤ የስልኩን ፍላሽ አጥፍቶ ባትሪ ከጎን ማብራት፣ የተቀረጸው ጥላ እንዲጥል። ሁለቱንም ወገን ማንሳት። ርዝመቱ ጎራዴው ጠመም ቢልም በኩርባው አይለካም፤ ጭራው ከሚጀምርበት ጥርስ እስከ ጫፉ ድረስ በቀጥታ ነው። የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ በቴሌግራም እየተመራች ሠራችው። 66 ሴንቲ ከግማሽ ወጣ። የጭራውን ቀዳዳ ብዛትና ሠሪው ጭራው ላይ በሞረድ ያሰመረውን መስመር አቅጣጫ ሳይቀር ጠየቋት።

መልሱ በ7 ሳምንት መጣ። አንደኛው ወገን ላይ ያለው ቀን ነው፦ ሾዋ 18፣ ስምንተኛ ወር። ሾዋ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስም ሲሆን ቁጥሩ ላይ 1925 ሲደመር የፈረንጁን ዓመት ይሰጣል። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ለፈረንጅ ሲያስረዳ ለኖረ ሰው ይህ አይከብድም። እ.ኤ.አ. 1943 መሆኑ ነው፤ በእኛ 1935። አባባ ሲያገኙት ገና የ9 ዓመት ጎራዴ ነበር! እሳቸው ራሳቸው በ20 ዓመት ይበልጡት ነበር። ዜናውን ለአክስቴ ያደረሰችው እናቴ ናት፤ እኔ አልደፈርኩም። ስምንተኛ ወር መባሉንም እንደ ልደት ምስክር ወረቀት እንዳናየው ጋሽ ሰይፉ አስጠንቅቀውናል፤ ከድሮ ጀምሮ ብዙ ሠሪዎች በየትኛውም ወር ቢሠሩ ሁለተኛ ወይም ስምንተኛ ወር ብለው መጻፍ ልማዳቸው ነበር።

ጭራው ላይ የተመታችው ትንሿ ማኅተም ደግሞ ሴኪ የሚል ፊደል ናት። ሴኪ በጊፉ አውራጃ ያለች ከጥንት በስለት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት፤ ዛሬ ጥሩ የጃፓን ቢላ ወጥ ቤታችሁ ካለ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። በጦርነቱ ጊዜ ለመኮንኖች ጎራዴ በገፍ ይሠራባት ነበር። ይህች ማኅተም ያለችበት ጎራዴ በአብዛኛው ከፋብሪካ ብረት የተሠራና በዘይት የቀዘቀዘ ነው። ባህላዊው ግን ታማሃጋኔ ከሚባለው፣ ከአሸዋማ የብረት ማዕድን በከሰል ከሚቀልጠው ብረት ተነጥፎ ተጣጥፎ ይቀጠቀጥና በውኃ ይነከራል። ማኅተሙ ኮከብ ቢሆን ኖሮ ሠራዊቱ መርጦ ታማሃጋኔ የሚሰጠው ባለሙያ እጅ ይሆን ነበር። የኛው ኮከብ አይደለም። ጋሽ ሰይፉ ይህን ሲነግሩኝ አላለሳለሱትም፤ ነጋዴው ከጠራልኝ ዋጋም በታች እንደሆነ ጭምር ነገሩኝ።

እኔን ከሳቸው ጋር ያጣበቀኝ ግን ቀጥሎ የጻፉት ነው። በጃፓን ሕግ ጎራዴ ለመያዝ እንደ ጥበብ ሥራ መመዝገብ አለበት፤ እንዲህ ያለው የጦርነት ጊዜ ሥራ ግን አይመዘገብም፣ ስለዚህ እዚያ ቢገኝ ይወድማል። የነዚህ ሠሪዎች ሥራ በብዛት የተረፈው ወታደሮች ይዘውት በወጡበት ነው፤ የሚሲሲፒ ጋራዥ፣ የአውስትራሊያ ጣሪያ ሥር፣ አሁን ደግሞ ቀበና። «የናንተ አጎት የፈገፈገው ከዚህ ታሪክ አንድ ገጽ ነው» ብለው ጻፉልኝ፤ ቁጣም ቀልድም መሆኑ ነው።

ግንቦት ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ነድቼ ቤታቸው ሄድኩ። ምድር ቤቱ በሙሉ ካርድና ጥቅል ወረቀት ነው። የሚያሳትሙት በዋናነት ፎቶ አይደለም፤ ኦሺጋታ የሚባል ነገር ነው። ስስ ወረቀት ጭራው ላይ ያነጥፉና እንደ ሳሙና በደረቀ ሰም መሰል ቀለም ያሹታል፤ የተቀረጸው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እኛ ልጅ ሆነን ሳንቲም ከወረቀት ሥር አድርገን በእርሳስ እንደምናሸው ማለት ነው። ፎቶ ላይ ዝገት የሚደብቀው ጭረት ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስለቱ ላይ ያለውን ነጭ ሞገድ ግን ማሸት ስለማያወጣው ጎራዴውን መብራት ላይ እያዞሩ በእጃቸው ይስሉታል። አንዱን ገጽ ለመጨረስ አንድ ቀን የሚወስድባቸው ጊዜ አለ።

አስቸጋሪው ግን ስሙ ነው። አንድ ፊደል ብዙ ንባብ አለው፣ አንድ ንባብ ብዙ ፊደል አለው። ምሳሌ ሰጡኝ፦ ጋሳን ሳዳካዙ እ.ኤ.አ. በ1906 የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ባለሙያ ተብሎ የተሾመ ታላቅ ሠሪ ነው። የልጅ ልጁ በ1971 የአገር ሕያው ቅርስ ተብሏል፣ ጃፓን ለታላላቅ የእጅ ባለሙያዎች የምትሰጠው ማዕረግ ነው፤ እሱም ስሙን በዚያው ሁለት ፊደል ይጽፋል፣ ሲነበብ ግን ሳዳይቺ ነው። ሚያይሪ አኪሂራ በ1973 ስሙን ዩኪሂራ ብሎ ለወጠ። በቶኪዮው የያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ከ1933 እስከ 1945 ወደ 8,100 ገደማ ጎራዴ የሠሩት ባለሙያዎች ደግሞ «ያሱ» ብሎ የሚጀምር አዲስ ስም ይሰጣቸው ነበር። አንድ እጅ፣ ሁለት ስም። ማጣቀሻው ይህን ካላያያዘ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ይቀራሉ።

ስም አወጣጡ አንዳንዴ ፍንጭም ይሆናል። ኩሪሃራ አኪሂዴ የሚባል ፖለቲከኛ እ.ኤ.አ. በ1933 ቶኪዮ ላይ የሰይፍ ሥራ ማሠልጠኛ ከፍቶ ነበር፤ «አኪ» ብሎ በሚጀምር ስም የሚፈርም ካገኛችሁ መጀመሪያ የሱ ደቀ መዝሙር መሆኑን ጠርጥሩ ይላሉ። አኪሂራም፣ ኋላ ሕያው ቅርስ የተባለው አማታ አኪትሱጉም ከዚያ የወጡ ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ከ1945 በኋላ ሥራው ቆሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲፈቀድ ሁሉም በመዝገብ ሆነ፦ ፈቃድ የሚገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ባለሙያ ሥር ተምሮ ነው፤ አንድ ሠሪ በወር ከሁለት ረጅም ጎራዴ በላይ መሥራት አይችልም። በሰይፍ ሥራ ሕያው ቅርስ የተባሉት በጠቅላላ ስድስት ናቸው፣ ስድስቱም አርፈዋል፣ ስለ እያንዳንዳቸው በቂ ተጽፏል። ጋሽ ሰይፉ ስለ ስድስቱ ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት በሴኪ መዝገብ ላይ ስሙና የትውልድ ቀኑ ብቻ ስለቀረ፣ ከ1945 በኋላ ማጭድ ሲሠራ ይሁን ሲያርስ ስለማይታወቅ ሰው ነው። እኔ እያዳመጥኩ የእኛዎቹን ቀጥቃጮች አሰብኩ። ምኒልክ ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማውጣት በደረሱበት አገር፣ አያቶቻችን ማረሻቸውን ማን እንደሠራው ስሙን የጻፈ ማን አለ? እሱን ተውት፣ ሌላ ጽሑፍ ነው።

ወደ አባባ ጎራዴ ስመለስ፦ ስሙ ሁለት ፊደል ነው። የመጀመሪያው «ካኔ» ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ የሴኪ ሰዎች ከጥንት የሚጋሩት። ሁለተኛው ሽቦ የበላው ነው። ከተረፈው ጭረት ሁለት ዕጩ አወጡ፤ የሁለቱንም ፊርማ ከሌሎች ጎራዴዎች አምጥተው ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ፤ መሮው የሚጀምርበትንና የሚያነሳበትን እያሳዩ ወደ አንደኛው እንደሚያዘነብሉ ነገሩኝ። ግን አልወሰኑም። እኔ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወስነው እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። አክስቴ አንድ ስም ትፈልጋለች፣ 400 ዓመቱን ወስደንባታል፣ ቢያንስ ስም እንስጣት አልኩ። እምቢ አሉ። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚያ ነው። ለሥራቸው የተቀበሉኝ ዋጋ ለአራት ሰው ምሳ የማይበቃ ነው፤ ስምም ስላልቆረጡልኝ ግማሹን ሊመልሱልኝ ነበር፣ አልቀበልም አልኩ።

ጉድለታቸውንም ልናገር፣ አለዚያ ማስታወቂያ ይመስላል። ቀርፋፋ ናቸው። ስትቸኩሉ ከሆነ አትሂዱ። ኢሜይላቸው ሁሉ በትልልቅ ፊደል ስለሆነ የሚጮሁባችሁ ይመስላል። ስልክ ካነሱ ከአንድ ሰዓት በታች አይለቋችሁም። የዋጋ ግምት አይሰጡም፤ ለእኔ የነገሩኝ ነጋዴው ስላናደዳቸው ነው። መጽሐፋቸው የሚታተመው ጥቂት መቶ ቅጂ ብቻ፣ ያውም አስቀድመው በከፈሉ ሰዎች ገንዘብ ነው፤ ማውጫው በጃፓን ፊደል ጭረት ብዛት ስለተደረደረ ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። ክብደቱን ደግሞ አትጠይቁኝ፣ አዲስ አበባ ለመላክ የፖስታው ከመጽሐፉ ሊበልጥ ምንም አልቀረው።

ቢሆንም ጎራዴ ያላችሁ ሁሉ ለሳቸው አሳዩ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከላይ እንዳልኩት የሁለቱንም ወገን ፎቶና ርዝመቱን አዘጋጁ። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ከየት እንዳገኙት የሚሉትንም ጻፉላቸው፤ ወሬው ስህተት ቢሆንም ይመዘግቡታል። የኛን «400 ዓመት» ከነሰዓቱ መዝግበውታል።

ባለፈው ሳምንት የመጪው እትም ረቂቅ ገጽ ደረሰኝ። የአባባ ጎራዴ ኦሺጋታ ከግራ፣ የሁለቱ ዕጩዎች ከቀኝ፣ ከሥር የጥያቄ ምልክት። ቦታ በሚለው ላይ አዲስ አበባ፣ የግል ቤተሰብ ይላል። ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል ሁለተኛው ፊደል በቅርብ ጊዜ በከፊል መፈግፈጉ ተጽፏል። ለአጎቴ ተረጎምኩለት። ዝም ብሎ ቆየና፣ ስሙ ሳይጠቀስ መቅረቱን ሁለቴ አረጋግጦ፣ አንድ መጽሐፍ እንድገዛለት አዘዘኝ።