ሊንኩ የቱን ያሳይ? በዶርስ ኔክስት ሁለት ፕሮጀክቶችን ማገናኘት

በአይቢኤም ዶርስ ኔክስት (አንድ ምርት ሊያሟላቸው የሚገቡ መስፈርቶች የሚመዘገቡበትና የሚከታተሉበት ሶፍትዌር) የአንዱን ፕሮጀክት መስፈርት ከሌላው ጋር የምናገናኝበት መንገድ ሁለት ነው። ኮንፊገሬሽን ማኔጅመንት፣ ማለትም የአንድን መስፈርት የተለያዩ ቅጂዎች ጎን ለጎን ለመያዝ የሚያስችለው አማራጭ፣ ካልተከፈተ ነገሩ ቀላል ነው። ሊንኩ በቀጥታ መስፈርቱ ላይ ያርፋል፣ ከሁለቱም ጫፍ ይታያል፣ አለቀ።

ሁለተኛው መንገድ ሲከፈት ነው። ያኔ አንድ መስፈርት በየስትሪሙ (ለምሳሌ ለየሞዴሉ በሚያዘው የሥራ መስመር) የተለያየ ይዘት ሊኖረው ይችላል። የመኪና ፍሬንን እንውሰድ። በአሮጌው ሞዴል ስትሪም «በ40 ሜትር ውስጥ ይቁም» ይላል፤ በአዲሱ 35 ሜትር። መለያ ቁጥሩ ያው አንድ ነው። ታዲያ ከሌላ ፕሮጀክት የመጣው ሊንክ የቱን ያሳይ? ይህን የሚወስነው ግሎባል ኮንፊገሬሽን ነው። የመኪናውን ፕሮጀክት ስትሪም ከትክክለኛው የፍሬን ፕሮጀክት ስትሪም ጋር አንድ ላይ ይይዛቸዋል፤ ሊንኩም በዚያ በኩል ትክክለኛውን ቅጂ ያገኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። እኔም አንድ ቀን ሙሉ «ሊንኮቹ ጠፉ» ብዬ ስፈልግ ውያለሁ። አንዳቸውም አልጠፉም። ከገጹ ላይኛው ክፍል የተመረጠው የፕሮጀክቱ የራሱ ስትሪም እንጂ ግሎባል ኮንፊገሬሽኑ አልነበረም። ስቀይረው ሁሉም ተመልሰው መጡ።

አንድ ምርት ብቻ ላለው ቡድን የመጀመሪያው፣ ኮንፊገሬሽን ማኔጅመንት ያልተከፈተበት፣ በቂ ነው እላለሁ። አንዴ ከተከፈተ መልሶ መዝጋት ስለማይቻል አትቸኩሉ። ሦስት አራት ሞዴል ጎን ለጎን የምትሠሩ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ምረጡ። አለዚያ መስፈርቱን ለየሞዴሉ ኮፒ ማድረግ ሊኖርባችሁ ነው፤ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል። በፍሬን ደግሞ ይህ የሰው ሕይወት ነው።