አንዲስ ኤጂሲ 2፦ ለውሻና ለድመት ጠጉር አስተካካይ የሚሆን ቶንዶስ

የውሻና የድመት ጠጉር በማስተካከል የሚተዳደር ሰው ቀኑን ሙሉ ከእጁ የማይለየው ዕቃ ቶንዶሱ ነው። የማሽኑ ክብደትና ንዝረት የባለሙያውን የእጅ አንጓ፣ የምላጩ ስለትና ሙቀት ደግሞ የእንስሳውን ቆዳ በቀጥታ ስለሚነኩ፣ ለዚህ ሥራ ከሚገዙት ዕቃዎች ሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው እርሱ ነው። እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ በዚህ ሙያ ስሠራ ለዓመታት የተጠቀምኩት አንዲስ ኤጂሲ 2 በተባለው ባለሁለት ፍጥነት ቶንዶስ ሲሆን፣ ሥራውን ለመጀመር የሚያስቡ ወገኖቼ የትኛውን እንግዛ ብለው ሲጠይቁኝም ሳላመነታ የምጠቁማቸው ይህንኑ ነው። ሆኖም ማሽኑ የሚመሰገነው ከምላጮቹና ከአያያዙ ጋር እንጂ ብቻውን ስላልሆነ፣ ከዚህ በታች ስለ ምላጭ ብዙ እላለሁ።

አንዲስ እ.ኤ.አ. በ1922 በዊስኮንሲን ግዛት በማቲው አንዲስ የተመሠረተ ኩባንያ ሲሆን፣ የሰው ጠጉር ቤቶችም ስሙን አሳምረው ያውቁታል። ኤጂሲ 2 ግን የተሠራው ለእንስሳት ነው። ምላጩ በዝቅተኛው ፍጥነት በደቂቃ 3400፣ በከፍተኛው ደግሞ 4400 ጊዜ ይመላለሳል። ለጀርባና ለጎን፣ በተለይም ጠጉሩ ጥቅጥቅ ላለ ውሻ፣ ከፍተኛውን እጠቀማለሁ፤ ለፊት፣ ለመዳፍ፣ ለሚፈራ ወይም ላረጀ እንስሳ ዝቅተኛው ይበቃል። ማሽኑ የሚሠራው በገመድ ነው፤ ገመዱ 14 ጫማ፣ ማለትም ከ4 ሜትር በላይ ስለሆነ በጠረጴዛው ዙሪያ እየዞሩ ለመሥራት አያንስም። በባትሪ የሚሠሩት ለእንቅስቃሴ እንደሚመቹ አልክድም፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ፣ የቀኑ ከባድ ውሻ ጠረጴዛው ላይ በቆመበት ሰዓት፣ ኃይሉ የማይቀንስ ማሽን መያዝ ለእኔ ይበልጥብኛል።

የዚህ ቶንዶስ ትልቁ ጥቅም ምላጩ በቀላሉ የሚለወጥ መሆኑ ነው፤ ቁልፉን ተጭኖ አንዱን ማውለቅና ሌላውን መግጠም የሰከንዶች ሥራ ነው። አገጣጠሙ ኤ5 በመባል የሚታወቀው ዓይነት ስለሆነ፣ ኦስተርና ዋል ለዚሁ አገጣጠም የሚያመርቷቸው ምላጮችም ይገቡበታል። ጀማሪን የሚያደናግረው የምላጩ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን የሚቀረው ጠጉር ያጥራል። ቁጥር 40 ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚያስቀር የእንስሳት ሐኪሞች ለቀዶ ሕክምና ቆዳ ሲያዘጋጁ የሚጠቀሙበት ነው። ቁጥር 10 አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል፣ 7 ኤፍ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ 4 ኤፍ ደግሞ 9.5 ሚሊ ሜትር ያስቀራል። ኤፍ የሚለው ፊደል ያለባቸው ምላጮች ጥርሳቸው እኩል ስለሆነ አጨራረሳቸው ያምራል። ፊደሉ የሌለባቸው 7፣ 5 እና 4 አንዱ ጥርሳቸው ረጅም፣ ቀጣዩ አጭር በመሆኑ ወፍራም ጠጉር ውስጥ በቀላሉ ያልፋሉ፤ ይሁን እንጂ በጥርሶቹ መካከል ባለው ክፍተት ቆዳ ገብቶ ሊቆረጥ ስለሚችል፣ ጀማሪ የሆነ ሰው እጁ እስኪለምድ ድረስ እነዚህን ጨርሶ ባይገዛቸው እመርጣለሁ።

የማሽኑ ጥራት የሚታወቀው ጠጉሩ ተጠላልፎ እንደ ለምድ የተጋገረ ውሻ ሲመጣ ነው። የፑድልና ከፑድል የተዳቀሉ ውሾች ጠጉር ሳያቋርጥ የሚያድግ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ ላይ ላዩን ብቻ ሲያበጥሩት ከላይ ለስላሳ መስሎ ከሥር ቆዳው ላይ ይጋገራል። በዚህ ጊዜ መቀስ ማስገባት አደገኛ ነው፤ ቆዳው በጠጉሩ ተስቦ ስለሚነሳ የትኛው ጠጉር፣ የትኛው ቆዳ እንደሆነ ለዓይን አይለይም። የሚያዋጣው ቁጥር 10 ነው። በግራ እጄ የብብቱን ቆዳ ወጥሬ እይዝና ምላጩን በቆዳውና በተጋገረው ጠጉር መካከል ጠፍጣፋ አድርጌ አስገብቼ፣ ሳልገፋው በራሱ መንገድ እንዲሄድ እተወዋለሁ። አቅም ያነሰው ማሽን እዚህ ላይ ድምፁ ይወርዳል፣ ምላጩም ጠጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትታል፤ ኤጂሲ 2 ግን ድምፁ ሳይለወጥ ይቀጥላል፣ ጠጉሩም ከቆዳው በአንድነት እየተላቀቀ ይገለበጣል። ጆሮ ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ተጨምቆ የቆየ የጆሮ ጫፍ በድንገት ሲለቀቅ ደም ስለሚሞላበትና ውሻውም ጭንቅላቱን ደጋግሞ ስለሚያራግፍ ጆሮው ደም ቋጥሮ ሊያብጥ ይችላል፤ ስለዚህ እንደጨረስኩ ሁለቱን ጆሮዎች በለስላሳ ጨርቅ ሸብ አድርጌ አቆያለሁ፣ ቤት ሲደርሱ ምን መከታተል እንዳለባቸውም ለባለቤቶቹ እነግራቸዋለሁ።

ሙቀት የዚህ ማሽን ብቻ ሳይሆን የተነቃይ ምላጭ ቶንዶሶች ሁሉ ችግር ነው። ብረት ከብረት ጋር በዚያ ፍጥነት ሲፋተግ ይግላል፤ የጋለ ምላጭ ደግሞ የሆድን ስስ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሻው ግን በቃሉ አይናገርም። በየጥቂት ደቂቃው ምላጩን በእጄ አንጓ ውስጠኛ ገጽ ላይ ነካ አድርጌ እፈትሻለሁ፤ ለእኔ ከሞቀኝ ለእርሱም በዝቶበታል ማለት ነው። ዋነኛው መፍትሔ አንድ ዓይነት ምላጭ ሁለት ገዝቶ እያፈራረቁ መሥራት ነው። ማቀዝቀዣ የሚረጩ ፈሳሾች ይረዳሉ፤ ምላጩ ላይ የሚደረገውን የዘይት ቦታ ግን አይተኩም። የላይኛው መቁረጫቸው ሴራሚክ የሆኑ ምላጮች ቶሎ ባይግሉም ከእጅ ካመለጡ ሴራሚኩ ስለሚሰበር ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ለሆነ ቤት አልመክራቸውም።

ለድመት ግን ነገሩ ይለያል። የድመት ቆዳ ስስና የሚለጠጥ በመሆኑ፣ ሳይወጠር ምላጭ ከነካው በቀላሉ ይቀደዳል። ጠጉረ ረጅም የሆነችው የፋርስ ድመት ሆዷና ጭኗ አካባቢ ሲጠላለፍባት ከቁጥር 10 አልወጣም፣ ፍጥነቱንም ከዝቅተኛው አላሳልፍም። እንዲህም ሆኖ የማሽኑ ድምፅና ወፍረት ለድመት ብዙ ነው፤ ለመዳፏና ለፊቷ አነስተኛ ድምፀ ዝቅተኛ መከርከሚያ ለብቻው መያዝ ግድ ይላል። አፏን ከፍታ ማለክለክ የጀመረች ድመት ሥራዋ ወዲያው ይቆማል፤ የቀረው በእንስሳት ሐኪም ዘንድ፣ በማደንዘዣ ሊሠራ ይገባል። በዚህ ጉዳይ ላይ የደንበኛ ልመና ሊያሸንፈን አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ማሽኑ ጥሩ ስለሆነ ብቻ የማይላጭም አለ። ሃስኪንና ጎልደን ሪትሪቨርን የመሰሉ ድርብ ጠጉር ያላቸው ውሾች በበጋ እንዲላጩላቸው የሚጠይቁ ደንበኞች ብዙ ናቸው፤ ያ ጠጉር ከፀሐይ የሚከልላቸው ከመሆኑም በላይ አንዴ ከተላጨ እንደ ቀድሞው ላይመለስ ስለሚችል፣ አጥቦ በፎን አድርቆ የረገፈውን የውስጥ ጠጉር ማበጠር ይበቃል። የሚቆረጠውም ውሻ ቢሆን አስቀድሞ መታጠብና በደንብ መድረቅ አለበት፤ በቆሻሻ ጠጉር ውስጥ ያለው አሸዋ የምላጩን ስለት ወዲያው ይጨርሰዋል።

ስለ ሠራተኛው አካል የሚናገር ሰው ጥቂት ስለሆነ እዚህ ላይ ላንሳው። ቶንዶሱን በጡጫ ጨብጦ የሚሠራ ሰው አንጓው ቶሎ ይታመማል፤ እንደ እርሳስ በጣቶች መያዝ ይሻላል፣ ኤጂሲ 2 ክብ ቅርጽ ስላለው ለዚህ አያስቸግርም። ቁመቱ የማይስተካከል ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ መዋል ወገብን ይጎዳል። የትልቁ ማድረቂያ ድምፅ ከቶንዶሱ እጅግ ስለሚበልጥ የጆሮ መከላከያ፣ ለሚበነው ጠጉርም የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሞተሩ ውስጡን በዘይት ማራስ አይፈልግም። የሚያልቀው ምላጩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የፕላስቲክ ክፍል ሲሆን፣ ዋጋው አነስተኛ ነው፣ በጠመንጃ መፍቻም ራስን ችሎ ይቀየራል። የተሳለ ምላጭ ጠጉሩ ላይ መስመር መተው ከጀመረ ምላጩን እንደገና ለማሳል ከመላክ በፊት ይህን ክፍል ማየት ገንዘብ ያድናል።

ዋጋው እንደ ሻጩ ቢለያይም 200 ዶላር አካባቢ ነው፤ ለሥራ የሚበቃ የምላጭ ስብስብ ግን የማሽኑን ያህል ወይም የበለጠ ሊያስወጣ ስለሚችል አብሮ መታሰብ አለበት። ወደ አዲስ አበባ ለመላክ የምታስቡ ደግሞ በአሜሪካ የሚሸጠው በ120 ቮልት እንደሚሠራ አስታውሱ። በኢትዮጵያው 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠላል፤ የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የሚቀይር ማገናኛም አያድነውም። በ220 ቮልት እንዲሠራ የተመረተውን መፈለግ፣ ካልሆነም አቅሙ ለማሽኑ የሚበቃ ትራንስፎርመር አብሮ መላክ ያስፈልጋል። አንድ ውሻ ቤታችሁ ኖሮ በዓመት ጥቂት ጊዜ መዳፉን ለመከርከም ብቻ ከሆነ ግን ይህ ማሽን ለእናንተ አይደለም፤ በገንዘቡ ጥሩ ማበጠሪያ ገዝታችሁ የቀረውን ለባለሙያ ክፈሉበት።