«የመምህራን ጥቅል» ተብሎ የሚሸጠውን አባያ እንዳትገዙ

እህቶቼ፣ ለማስተማር ወደ ሳዑዲ ልትመጡ የምትዘጋጁ፣ ብር ከማስተላለፋችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በቴሌግራም «የመምህራን ጥቅል» እየተባለ የሚሸጥ ልብስ አለ። ሦስት አባያ (ከልብስ በላይ የሚደረብ ሰፊ ረጅም ቀሚስ)፣ ሁለት ረጅም ጉርድ፣ ሁለት ሸሚዝ። እኔ በ780 ሪያል ገዛሁት። አንዱንም ለብሼ ክፍል መግባት አልቻልኩም።

ሻጯ የአገር ልጅ ናት። «የኔ ቆንጆ፣ ሦስት አባያ ከሌለሽ ሳምንቱን አትዘልቂውም። ጥቁር ካልሆነ ደግሞ መንገድ ላይ ይይዙሻል» አለችኝ። አዲስ ስለነበርኩ አመንኳት። ቁመቴን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ሒሳቡን በግል የባንክ ቁጥሯ አስገባሁ።

ዕቃው ሲመጣ 54 ቁጥር ሆኖ አገኘሁት። የአባያ ቁጥር በኢንች የሚለካ ርዝመቱ ነው፤ ለኔ ቁመት የሚሆነው 58 ነው። ቁርጭምጭሚቴ ሜዳ ላይ ቀረ። ከሁሉ የባሰው ግን እጅጌው ነው። ሰሌዳ ላይ እንደምጽፍ ሆኜ እጄን ሳነሳ ክርኔ ድረስ ተንሸራተተ። መስታወት ፊት ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ሁሌም ይወርዳል። መምህር ደግሞ ቀኑን ሙሉ እጇን ስታነሳ ነው የምትውለው።

ጨርቁ «ኒዳ» ነው ተብሏል። ኒዳ ፖሊስተር ነው፣ ያ ብቻውን ክፉ አያደርገውም። ጥሩው ክብደት አለው፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የኔ ግን ስስ ነው። መስኮት ፊት ስቆም የእግሬ ቅርጽ ይለያል። ኤሲ ያደረቀው ክፍል ውስጥ ስራመድ ደግሞ እግሬ ላይ ይለጠፋል። ከተለጠፈ ሰፊ መሆኑ ምን ይጠቅማል?

ሸሚዞቹ ደግሞ «ንጹህ ጥጥ» ናቸው ተብሏል። ከውስጥ ስፌቱ ክር መዝዤ ክብሪት ጫርኩበት። ጥጥ ቢሆን የተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆን ነበር። ይሄኛው ቀልጦ እንደ ጥቁር ዶቃ ጠነከረ። የሪያድ ሙቀት በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ እሱን ከአባያ ስር ለብሳችሁ አውቶቡስ ስትጠብቁ አስቡት።

ልመልስ ስል «በልክሽ የተሰፋ ነው፣ አይመለስም» አለችኝ። ቁመቴን ለምን እንደጠየቀችኝ ያኔ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሳዑዲ የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ፣ ያልተጠቀማችሁበትን ዕቃ ከተረከባችሁ በ7 ቀን ውስጥ ውሉን እንድታፈርሱ ይፈቅዳል። በትዕዛዝ የተሠራ ዕቃ ግን አይካተትም። እሷ የያዘችው ይህችን ነው። ያልነገረችኝ ቀጣዩን ነው፦ በትዕዛዝ የተሠራም ቢሆን ጉድለት ካለበት ወይም ከስምምነቱ ውጭ ከሆነ ይመለሳል። በቁመቴ ልክ ተባብለን 54 ከመጣ ከስምምነቱ ውጭ ነው።

ወደ ንግድ ሚኒስቴር 1900 ደወልኩ። ፋቱራ (የሽያጭ ደረሰኝ) አለሽ ወይ አሉኝ። የለኝም። የሱቅ ስም የለኝም፣ የንግድ ምዝገባ ቁጥር የለኝም። እሷም ብሎክ አደረገችኝ።

በጣም ያናደደኝ ግን ሦስት አባያ ጭራሽ እንደማያስፈልገኝ ሳውቅ ነው። የማስተምረው የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት መምህራኑ ሲገቡ አባያቸውን አውልቀው ይሰቅላሉ። ክፍል የሚገቡት በረጅም ጉርድና እጅጌው ሙሉ በሆነ ሸሚዝ ነው። ሱሪ እኛ ጋ አይፈቀድም። ወንዶችም የሚሠሩበት ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ደንቡ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻጭ ከመጠየቃችሁ በፊት ሙዲራዋን (የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህርት) በጽሑፍ ጠይቁ። ክፍል ውስጥ ምን ይለበሳል? ሱሪስ? ቀለሙስ? የጥቁሩ ማስፈራሪያም ውሸት ነው። አልጋ ወራሹ መሐመድ ቢን ሰልማን እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጉ ጥቁር አባያን ለይቶ እንደማያስገድድ በቴሌቪዥን ተናግረዋል። የሚፈለገው ጨዋ አለባበስ ነው።

በኋላ አንዲት ግብፃዊት ባልደረባዬ ሪያድ ጠይባ ገበያ ወሰደችኝ። እጇን ጨርቁ ውስጥ ከትታ ወደ መብራቱ ዘረጋችው። አስለብሳኝ እጄን አስነሳችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ ደረጃ አስወጣችኝ። አንዱን በ130 ሪያል ገዛሁ፣ ከነፋቱራው። ዛሬም የምለብሰው እሱን ነው።

ጥቅሉን ገዝታችሁ 7 ቀን ያልሞላችሁ ካላችሁ፣ አትጠቡት፣ ምልክቱንም አትቁረጡት። ርዝመቱን በልብስ መለኪያ ሜትር ለክታችሁ ፎቶ አንሱት። «ውሉን አፍርሻለሁ» ብላችሁ ዛሬውኑ በጽሑፍ ላኩላት፣ የድምፅ መልእክት አይሁን። ብር ያስተላለፋችሁበትንና የተነጋገራችሁትን ሁሉ ብሎክ ሳታደርጋችሁ ስክሪንሾት አድርጉት።