ቼክ ኢንጂን ተመልሶ ሲበራ፦ የራስ ኮድ ማንበቢያ ወይስ ጋራዥ?

አሮጌ መኪና ላይ የጠፋው ቼክ ኢንጂን፣ ማለትም የሞተር ችግር እንዳለ የሚጠቁመው የዳሽቦርድ መብራት፣ በሳምንቱ ተመልሶ ሲበራ ያናድዳል። ያኔ ወይ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያሳይ ትንሽ ማንበቢያ ገዝቶ ራስ ማየት ነው፣ ወይ ጋራዥ ወስዶ ማስመርመር።

ማንበቢያው ከመሪው ስር አካባቢ ባለው ሶኬት ይሰካል። ብዙዎቹ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛሉ። ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው፤ መብራቱ እንደበራ ኮዱን ታያላችሁ። ግን ኮዱ የተበላሸውን ዕቃ በስም አይነግራችሁም። ለምሳሌ ፒ0171 ሞተሩ ውስጥ ለቤንዚኑ ከሚያስፈልገው በላይ አየር ገብቷል ማለት ነው። መነሻው የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር ሴንሰር ወይም የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ሊሆን ይችላል። እኔ ኮዱን ብቻ አይቼ የኮሮላዬን ኦክስጅን ሴንሰር አስቀየርኩ። መብራቱ ተመለሰ። ጥፋተኛዋ አንዲት የደረቀች የአየር ቱቦ ነበረች።

እሷን ያገኘው ጋራዥ ነው፣ ቱቦዎቹ ውስጥ ጭስ ነፍቶ የሚወጣበትን በማየት። ይህን ቤት ውስጥ መሥራት ይከብዳል። ጋራዥ ግን የሚጠቅመው መካኒኩ ሲለካ ነው። ኮዱን አጥፍቶ ብቻ ከሸኛችሁ ገንዘባችሁ ባከነ። ኮዱ ሲጠፋ ብልሽቱ በተፈጠረበት ቅጽበት የተመዘገበው የፍጥነትና የሙቀት መረጃም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ እኔ ማንበቢያውን አስቀድማለሁ። ኮዱንና መረጃውን ጽፌ ይዤ ወደ ጋራዥ እሄዳለሁ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ለማንበብም አትሞክሩ፤ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታላይዘሩን፣ ማለትም የሞተሩን ጭስ የሚያጣራውን ዕቃ፣ እያበላሸ ሊሆን ይችላል።